በሩን የሚያየው ሶፋ

ባለፈው ወር ቶተንሃም ለተከራየሁት ፍላት ሶፋ ገዛሁ። ሁለት ጎረምሶች ከቫን አውርደው እስከ በር አደረሱልኝ። አንደኛው ሜትር ከኪሱ አውጥቶ የሳሎኑን በር ስፋት መለካት ሲጀምር ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ በእሱ የሳቅኩ መስሎት ቅር አለው። ሻይ አፍልቼ ይቅርታ ጠየቅሁት እንጂ ምክንያቱን አልነገርኩትም። ብነግረውስ ከየት እጀምራለሁ? የአንዲት ሴት ትዳር በሶፋና በበር መካከል ተቀርቅሮ ያላየ ሰው እንዴት ይገባዋል?

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ፣ የካውንስል ፍላት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት ይበዛል። ደረጃው ላይ የጎረቤት ዓሣ ጥብስና የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ተቀላቅሎ ይጠብቃችኋል፤ የእኛ በር ሲከፈት ደግሞ እማዬ ወለሉን የምትወለውልበት የሎሚ ሳሙና ይቀበላችኋል። ሳሎናችን የዚያ ዘመን አበሻ ሳሎን ነው፤ እናንተም ቤት ሳይኖር አይቀርም። ሶፋዎቹ ግድግዳውን ተከትለው እንደ ለቅሶ ቤት ተደርድረዋል። ቡፌው ውስጥ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች ተኮልኩለዋል። ሶፋው ከነፕላስቲኩ ስለሆነ በበጋ ከላዩ ስንነሳ የጭናችን ቆዳ አብሮን ለመነሳት ያንገራግር ነበር።

በዚህ ቤት አባዬ፣ እማዬ፣ እኔና የእማዬ ታናሽ እህት ጽጌ እንኖራለን። አባዬ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን መሪውን የያዘችው እማዬ ናት። እማዬ ጸሎተኛ ናት። እሑድ ቸርች፣ ረቡዕ ጸሎት፣ ዓርብ ጾም፤ በመሃል ያለውን ቀን ደግሞ እኛን ትገሥጻለች። ጽጌ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ትጋራለች። ባተርሲ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ቆንጆና ሳቂታ ናት፤ ሠላሳን ከተሻገረች ቆይታለች፤ አላገባችም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ቸርቻችን ውስጥ የማያውቅና የማያስታውሳት ሰው አልነበረም።

ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ሽማግሌ ልኮባት ነበር። አባዬ እንደ ወጉ «እንመካከርበት፤ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ» ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ሴት ልጅ በአንድ ጥያቄ አትሰጥም፤ ሽማግሌ ደጅ መጥናት አለበት፤ አለዚያ ቤተሰቡ እሷን ለማራገፍ የቸኮለ ይመስላል። ፋሲካ ደረሰ፣ አለፈ፣ ሽማግሌዎቹ ግን አልተመለሱም። ሰውዬው በመሃል ሌላ አግብቶ ኖሯል። ጽጌ ያን ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን ፋሲካ በመጣ ቁጥር ዶሮ ወጡን ትሠራለች እንጂ አትበላም።

የጽጌ አለቃ፣ ሥራ የቀዘቀዘበት እንግሊዛዊ፣ አንድ ቀን ፌንግ ሹይ የሚባለውን የቻይኖች የቤትና የዕቃ አቀማመጥ ጥበብ የምታውቅ የሆንግኮንግ ሴት አማካሪ አድርጎ ያመጣል። ሴትየዋ ኮምፓስ የመሰለ ነገር ይዛ ቢሮውን ዞረች። መግቢያው ላይ የተከመሩትን ካርቶኖች አስነሳች። ሹል ማዕዘን ያለው ምሰሶ አጠገብ አበባ አስቀመጠች። ጽጌ ዘንድ ስትደርስ ግን ራሷን ነቀነቀች። የጽጌ ዴስክ ጀርባውን ለበሩ የሰጠ ነበር። «ጀርባውን ለበር የሰጠ ሰው ዕድሉ መጥቶ ሲመለስ አያይም» አለቻት። ዴስኩን አዞረችው፤ ከኋላ ጠንካራ ግድግዳ፣ ከፊት በሩ፣ ግን ከበሩ ጋር ፊት ለፊት ሳይፋጠጥ ትንሽ ወደ ጎን።

በዚያው ሳምንት የፎቶኮፒ ማሽን የሚጠግነው ሰው መጣ። ዓመት ሙሉ ሲመላለስ ያየው የጽጌን ማጅራት ብቻ ነበር። አሁን ፊቷን አየ። ካቻቢቴውን እንደያዘ ቆመና፦

«አበሻ ነሽ እንዴ?» አላት።

ዳዊት ይባላል። ከዚያ በኋላ ያ ማሽን በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር።

እንግዲህ በጽጌ ቦታ ብትሆኑ እናንተስ አታምኑም ነበር? «ዴስኬ ባይዞር ኖሮ እስከ ጡረታዬ ድረስ ማጅራቴን እያየ ይመላለስ ነበር» ትላለች። ከቤተ መጻሕፍት ወፍራም መጽሐፍ ተውሳ መጣችና ቤታችን ላይ ዘመተች። መጀመሪያ ከበሩ ኋላ የተቆለለውን ጫማ አነሳች፤ በር የቤት አፍ ነው፣ አፉ የታፈነ ቤት አይተነፍስም ብላ። ከበሩ ትይዩ የተሰቀለውን መስታወት አወረደች፤ የሚገባውን በጎ ነገር መልሶ ያስወጣል። እማዬ ቸርች ከመሄዷ በፊት ባርኔጣዋን የምታስተካክለው በዚያ መስታወት ነበርና ለሁለት እሑድ ባርኔጣዋ ተንጋዶ ዘመረች። የሽንት ቤቱ ክዳን ሁልጊዜ እንዲዘጋ ታዘዘ፤ ክፍት ከሆነ ሀብት በዚያ ይወርዳል። ተቆጣጣሪ ተደርጌ የተሾምኩት እኔ ነኝ። አባዬ ከሽንት ቤት ሲወጣ ተከትዬ እገባና በሥልጣኔ እከድናለሁ። አባዬ «የእኔ ሀብት እዚህ ድረስ ከደረሰማ ይሂድ» ይላል።

ትልቁ ጦርነት የተነሳው በእማዬ አልጋ ስር ባሉት ሻንጣዎች ነው። ከአልጋ ስር የተጠራቀመ ዕቃ እንቅልፍን ይበላል፣ አሮጌ ነገር ካልወጣ አዲስ ነገር አይገባም አለች ጽጌ። ሻንጣዎቹ ውስጥ ለሀገር ቤት ዘመዶች የተገዙ ልብሶች ነበሩ። የሚሄድ ሰው እስኪገኝ እየተባለ ስለቆዩ፣ ካልሲ የተገዛለት ሕፃን አድጎ ጺም አብቅሏል።

«እሱ ዕቃ አይደለም» አለች እማዬ፤ «ዘመድ ነው። አይነካም።»

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስማሙ። ጽጌ እግርን ወደ በር ዘርግቶ መተኛት ጥሩ አይደለም ስትል፣ እማዬ ሳታስበው «እሱማ እውነት ነው፤ እንደዚያ የሚተኛ ሬሳ ነው ትል ነበር እናታችን» አለች። ጽጌ በደስታ ጮኸች። እማዬ ወዲያው ነቃችና «እናታችን ያለችው በማስተዋል ነው፤ ያንቺ ጥንቆላ ነው» ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከዚያ ዳክዬዎቹ መጡ። መኝታ ቤት ውስጥ ብቸኛ ነገር መኖር የለበትም፣ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ይሁን ይላል መጽሐፉ። ጽጌ ሁለት መብራት፣ ሁለት ትራስ፣ በመጨረሻም የሸክላ ወንድና ሴት ዳክዬ ገዝታ አልጋዋ ራስጌ አስቀመጠች። እማዬ ስታያቸው «ጣዖት!» አለች። በፌስታል ጠቅልላ በረንዳ ላይ አወጣቻቸው። ለምን ቆሻሻ ውስጥ እንዳልጣለቻቸው ሲጠይቃት አባዬ፣ «ገንዘብ የወጣበት ነገር ነው፤ ጽጌ እስክትፈወስ ይቀመጡ» አለች። እኔ በመስኮት አያቸው ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ ፌስታሉ ላይ ሲንጠባጠብ ለዳክዬ ጥሩ ነው እያልኩ እጽናና ነበር።

«ለመሆኑ ይሄ ፌንግ ሹይ የምትዪው ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች እማዬ አንድ ቀን።

«ነፋስና ውሃ ማለት ነው እትዬ።»

እማዬ የምትልጠውን ሽንኩርት አስቀመጠች። «በነፋስና በውሃ የመጣ ባል በነፋስና በውሃ ይሄዳል» አለች። ዳዊትን አትጠላውም፤ አታውቀውም። የሚያስፈራት አመጣጡ ነበር። በጸሎት የመጣ ባል ቢሆን ለማን እንደምትከስ ታውቃለች፤ በዴስክ ምክንያት የመጣውን ግን ለማን አቤት ትላለች?

ዳዊት ሽማግሌ እንደሚልክ በተነገረ ጊዜ ወሩ ጥቅምት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጽጌን አልጋዋ ላይ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ አገኘኋት። እማዬና አባዬ ወጥ ቤት ሲነጋገሩ ሰምታለች። እማዬ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እናጣራ፣ እንጸልይበት» ብላለች። አባዬም «እሺ፣ ከፋሲካ በኋላ እላቸዋለሁ» ብሏል።

«ይሄኛውም ፋሲካ ከተባለ አለቀልኝ፣ ሶሲ» አለችኝ ጽጌ። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ ሄጄ የሽንት ቤቱን ክዳን ዘጋሁ። የምችለው እሱን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ጽጌ ሳሎኑን አስቀድማ በመጽሐፉ አዘጋጅታዋለች። ትልቁን ሶፋ ሽማግሌዎቹ በሩን እያዩ እንዲቀመጡበት ከውስጠኛው ግድግዳ አስጠጋች፤ በሩን የሚያይ ሰው ጥያቄው ይሰማለታል ተብሎ። ትንሹን ሶፋ ደግሞ የቤቱ መንፈስ እንዲንሸራሸር ብላ አውጥታ እኛ ክፍል ከታዋለች። ጠዋት ፀጉሯን ልትሠራ እንደወጣች እማዬ ሳሎኑን ቃኘችው።

«ሦስት ሽማግሌ፣ አንተ፣ እኔ። ይሄ ሁሉ ሰው ነፋስ ላይ ሊቀመጥ ነው? ያን ሶፋ አምጣው!»

አባዬ ከሳሎኑ ውስጥ ሆኖ ይስባል፤ እማዬና እኔ ከኮሪደሩ እንገፋለን። እኛ ያላወቅነው ነገር፣ ጽጌ ሶፋውን ስታስወጣ ከዳዊት በተዋሰችው ካቻቢቴ እግሮቹን ፈትታ እንደነበርና በኋላ መልሳ እንደገጠመቻቸው ነው። ሶፋው ሳሎኑ በር ላይ ግማሹ ገባና ቆመ። ወደፊትም አይል፣ ወደኋላም አይል። አባዬ ሳሎን ውስጥ ቀረ፤ እኛ ውጪ። «ትንሽ አዘንብሉት!» ይላል አባዬ። «በኢየሱስ ስም ግባ!» ትላለች እማዬ ሶፋውን። የበሩ ደወል ተደወለ።

ሽማግሌዎቹ ከሰዓታቸው ቀደም ብለው መጥተዋል፤ አበሻ ለአንድ ነገር እንኳ ቀድሞ ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እማዬ ሻሿን እያስተካከለች ወጥ ቤት ገባች። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከፊት ወንጌላዊ ኤልያስ፣ ቀጥሎ ስማቸውን የማላስታውሰው ቀጭን ሰው፣ ከኋላ ደግሞ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ተሰማ፣ አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው እያለከለኩ። ሊፍቱ ዛሬም ተኝቷል። ሦስቱ በጠባቡ ኮሪደር ውስጥ ተደርድረው ቆሙ። ከሶፋው ማዶ አባዬ ከወገቡ በላይ ይታያል፤ ሱፉን ለብሷል፣ ግንባሩ በላብ ርሷል።

«ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ» አሉ ወንጌላዊ ኤልያስ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ተቀመጡ!» አለ አባዬ፤ ልማድ ነውና።

«የለም፤ ለመቀመጥ አልመጣንም። ጉዳያችን ሳይመለስልን አንቀመጥም» አሉ ወንጌላዊው፤ እሳቸውም ልማድ ነውና።

አባዬ ሶፋውን አየው። «መልካም፤ እንግዲያው ቁሙ» አለ። በሽምግልና ታሪክ ወጉና እውነቱ እንዲህ የተገጣጠሙበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ወንጌላዊ ኤልያስ ከመናገራቸው በፊት በጸሎት እንጀምር አሉ። የእሳቸውን ጸሎት ቸርቻችን ያውቀዋል፤ ረጅም ነው። ዓይናችንን ጨፈንን። ከአዳምና ሔዋን ተነሱ፣ በይስሐቅና ርብቃ በኩል አለፉ። መሃል ላይ የቤቱ በር ቀስ ብሎ ሲከፈት ሰማሁና በአንድ ዓይኔ አየሁ። ጽጌ ናት፣ ፀጉሯ አብረቅርቋል። የተቀረቀረውን ሶፋ ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እዚያው ደፍ ላይ ቆመች፤ ሦስት ሽማግሌ መንገድ ዘግቶባት ወዴት ትሂድ? ወንጌላዊው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦

«ይህችንም እህት ለወንድማችን እንደሰጠኸን፣ ይህም ቤት በደስታ እንደተቀበለን እናምናለን፤ በኢየሱስ ስም!»

«አሜን!» አለ አባዬ።

«አሜን! አሜን!» የሚል ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ከወጥ ቤት መጣ። እማዬ ነበረች። ዕድሜ ልኳን በኢየሱስ ስም የሚል ድምፅ ሰምታ አሜን ሳትል ቀርታ አታውቅም።

ዓይናችንን ስንገልጥ ጋሽ ተሰማ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ከርብቃ በኋላ አልቻለም፤ ከኮሪደሩ በኩል በተረፈው የሶፋ መደገፊያ ላይ ዐረፍ ብለዋል። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልጅቷ እንኳ አውቃለሁ። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ እኮ ገና መልስ አልሰጠሁም። እንመካከርና ከፋሲካ...»

«አሜን ብለሃል እኮ ልጄ» አሉ ጋሽ ተሰማ በእርጋታ። «ወይዘሮዋም ሁለት ጊዜ ብለዋል፣ ሰምቻለሁ። አሜን ከተባለ በኋላ ደግሞ የምን ቀጠሮ ነው? እኔም ተቀምጫለሁ፤ እዚህ ተቀምጬ ባዶ እጄን ብነሳ ነውሩ ለሁላችን ነው። በዚያ ላይ መነሳቱን ራሱ እንጃ።»

አባዬ መሳቅ ጀመረ። የአባዬ ሳቅ ከሆዱ ስለሚመጣ ሶፋው ላይ የደገፈው እጁ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ሶፋውም ከነጋሽ ተሰማ ይነቃነቃል። ወንጌላዊውም ሳቁ። እማዬ ማማሰያ ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች። አፏን ከፍታ ልትናገር ስትል ከሽማግሌዎቹ ትከሻ በላይ ደፍ ላይ የቆመችውን እህቷን አየች። ጽጌ እንባዋ ወርዶ ወርዶ አገጯ ደርሷል፤ ለመጥረግ እንኳ አልደፈረችም። እማዬ አፏን መልሳ ገጠመች።

«ሰው የሚቀመጥበት አጥቶ ቆሟል እንዴ?» አለች በመጨረሻ። «ይሄን ሶፋ የሚያወጣ ወንድ የለም?»

ወንዱ ታች መኪና ውስጥ ነበር። ሽማግሌ የላከ ሰው እዚያ ቤት ድርሽ ማለት የለበትም፤ ግን ካቻቢቴ ያለው እሱ ብቻ ነው። ዳዊት ተጠርቶ አራቱን ፎቅ ሮጦ ወጣ። ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ፣ አንገቱን እንደደፋ፣ ጋሽ ተሰማን በክብር አስነስቶ የሶፋውን እግሮች አንድ በአንድ ፈታ። ሶፋው ምድጃ እንደሚገባ ዳቦ ሳሎኑ ውስጥ ገባ። ከዚያ እግሮቹን መልሶ ገጠመና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ እማዬን አያት።

«እትዬ፣ የት ላስቀምጥልዎ?»

እማዬ ሶፋዎቹ ሁልጊዜ የሚሰለፉበትን ግድግዳ አየች። ጽጌን አየች። በማማሰያዋ ከትልቁ ሶፋ አጠገብ ወዳለው ቦታ ጠቆመች።

«በሩን እንዲያይ አድርገው» አለች።

ጽጌና ዳዊት ከፋሲካ በፊት ተጋቡ። በማን ኃይል እንደተጋቡ ግን እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። ጽጌ ፌንግ ሹይ ነው ትላለች፣ እማዬ ጸሎት ነው ትላለች፣ አባዬ በሕይወት እስካለ ድረስ የጋሽ ተሰማ ጉልበት ነው ይል ነበር። ጽጌ ከእኔ ክፍል ከወጣች በኋላ ክፍሉ በሙሉ የእኔ ሆነ። ያን ያህል ስመኘው የኖርኩት ክፍል ሰፋብኝና አለቀስኩ።

ያ ሶፋ ዛሬም እማዬ ሳሎን ውስጥ በሩን እያየ ተቀምጧል። አባዬ ካረፈ ወዲህ እማዬ ወንበር አትቀይርም፤ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ናት። ያን ጊዜ በሩ ቀኑን ሙሉ ይንኳኳ ነበር፤ ሰው ሳይደውል ይመጣል፣ ሳይበላ አይሄድም። አሁን ግን ሁላችንም አስቀድመን መልእክት እንልካለን፤ «ቤት ነሽ?» እንላለን፤ ብዙ ጊዜም መልእክቱ ራሱ እንደ መምጣት ይቆጠርልናል። እኔ ሥራዬን የምሠራው ከቤት ነው፤ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ ፊቴን ከኮምፒውተር ጋር አፋጥጬ። ዕድሜዬ የጽጌን የዚያን ጊዜ ዕድሜ አልፏል።

አዲሱ ሶፋዬ ከገባ በኋላ እማዬ ቤቴን ልታይ መጣች። በሩን ከፍቼ «ግቢ፣ ተቀመጪ» አልኳት። ደፉን ተሻግራ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ቆመች።

«ጉዳዬ ሳይመለስልኝ አልቀመጥም።»

«የምን ጉዳይ እማዬ?»

«እኔስ ሽማግሌ የምቀበለው መቼ ነው?»

«ጉልበትሽን ያምሻል፣ እባክሽ ተቀመጪ።»

«ይመመኝ።»

«እሺ» አልኳት፤ «ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን።»

አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች፤ የአባዬን ሳቅ ሳቀች። ሄዳ አዲሱ ሶፋ ላይ ተቀመጠች። እሱም በሩን እያየ ነው። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ አሮጌ ፌስታል አወጣችና ጭኗ ላይ ፈታችው። ሁለቱ ዳክዬዎች ናቸው። የአንዱ አፍ ተሸርፏል፤ ሁለቱም ተወልውለው ያበራሉ።

«እነዚህ ጣዖት አልነበሩም እንዴ?»

«ነበሩ» አለች እማዬ፣ መኝታ ቤቴ በየት በኩል እንደሆነ በዓይኗ እየፈለገች። «ጸለይኩባቸው።»